አይጣሌና የወተት ጠረጴዛ

ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሻንጣ ሲጠግን የኖረ ሰው አንድም ቀን "ይሄስ አልቆለታል" ብሎ አያውቅም ቢባል ማን ያምናል? እመኑ። ጎማው የወለቀ፣ እጀታው የተገነጠለ፣ አይጥ የቀደደው፣ የዚፑ ጥርስ የረገፈ ሻንጣ ይዛችሁ ብትሄዱ ሰውየው መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ያገላብጠውና "አይጣልም" ይላችኋል። ባለቤቱ ራሱ ተስፋ ቆርጦ "ኧረ ተወው" ቢል እንኳ መልሱ ያው ነው። እንዲህ ሲል ሲል ሰፈሩ እናት አባቱ ያወጡለትን ስም ረሳና "አይጣሌ" አለው። ስሙም ሰመረለት፤ ምክንያቱም ወደ ሱቁ የገባ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚለው "አይጣል ነው" ነው። ከወለል እስከ ጣሪያ የብስኩትና የቀለም ቆርቆሮ ተደርድሯል፤ ቆርቆሮው ሁሉ በዘለበት፣ በብሎን፣ በተሰበረ እጀታና ለምን እንደሆነ እሱም በማያውቀው ነገር ተሞልቷል። ጥርሱ የጠፋበት ሰው መጀመሪያ እዚያ ይፈልግ እየተባለ ይቀለድበታል።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግን አይጣሌ ሱቁን ዘግቶ፣ እጁን በሳሙና ፈትጎ፣ ከቀለም መሸጫው በላይ ወዳለው ክፍል ይወጣል። የቼዝ ማኅበሩ እዚያ ነው። ማኅበር ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ሦስት ጠረጴዛ፣ ሃያ ምናምን ወንበር፣ አንድ የማይዘጋ መስኮትና ከታች የሚወጣ የቀለም ሽታ ነው። አባላቱ እርስ በርስ ከመጋጠም ይልቅ የቼዝ እንቆቅልሽ መፍታት ይወዳሉ። እንቆቅልሹ በካርድ ላይ የተሣለ ሰሌዳ ነው፤ ጠጠሮቹ ተቀምጠው ከሥራቸው "ነጭ ይጀምራል፤ በሁለት እርምጃ ማት" ተብሎ ይጻፋል። ማት ማለት የጥቁሩ ንጉሥ መፈናፈኛ አጥቶ መያዙ ነው። ፈቺው ያቺን አንዲት መንገድ ብቻ ነው የሚፈልገው።

ካርዶቹ እንደ ክብደታቸው በሦስት የጫማ ካርቶን ተከፍለዋል፤ ጠረጴዛዎቹም እንደዚያው። የጀማሪው የወተት ጠረጴዛ ይባላል፣ የመካከለኛው የዳቦ፣ የበቃው የአጥንት። ስሙን ማን እንዳወጣው አይታወቅም፤ ነገሩ ግን ግልጽ ነው፤ ጥርስ ያላወጣ አጥንት አይግጥም።

አይጣሌ የወተት ጠረጴዛ መምህር ነው። ማስተማር ከጀመረ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ጀማሪው ካርድ መዝዞ ፊቱ ሲያስቀምጥ አይጣሌ አገጩን እያከከ ረዘም ላለ ጊዜ ያይና "እኔ አላወቅሁትም፤ እስቲ አብረን እንፈልግ" ይላል። ከዚያ መጠየቅ ነው። ንጉሡ ወዴት ወዴት መሄድ ይችላል? ማን ይከለክለዋል? ይሄ ፈረስ እዚህ ምን ይሠራል? አንተ ምን ታያለህ? እንዲህ ሲጠይቅና መልሱን ቁጭ ብሎ ሲጠብቅ ተማሪው በገዛ እጁ መንገዱን ያገኛል፤ ያን ቀን አንገቱን ቀና አድርጎ ነው ቤቱ የሚገባው። ሁሉም "ሲስተር" የሚሏቸው ጡረተኛ ነርስ ከጠረጴዛው አይጠፉም፤ አርባ ዓመት ሐኪም ሲያዛቸው ኖረው ከአይጣሌ በቀር እያወቀ አላውቅም የሚል ሰው በዘመናቸው አላዩም። አንድ የአውቶቡስ ሾፌርም አለ፤ ጋሼ አይጣሌ ቢፈልግ አጥንት ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ ነበር፣ ለእኛ ብሎ ነው ወተት የሚጠጣው እያለ በየፌርማታው ያወራል።

ጉዱ እዚህ ላይ ነው። አይጣሌ አላወቅሁትም ሲል የእውነቱን ነበር። በዚያ ላይ እግዜር መርሳትን አትረፍርፎ ሰጥቶታል፤ ያንኑ ካርድ በወሩ ብታሳዩት እንደ አዲስ አገጩን ያክካል። መጀመሪያ ላይ እንደ ትሕትና ሲቆጥሩለት ሊያርማቸው አስቦ ነበር፤ ግን ዝም አይነቅዝም ብሎ ተወው። ዝምታው አሥራ አንድ ዓመት ሆነው።

ከወተት ወደ ዳቦ ያላለፈበት ምክንያት ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ ንግሥቲቱ። በዳቦው ካርቶን ያሉት እንቆቅልሾች ዘዴያቸው ያው ነው፤ ከጠጠር ሁሉ የምትበልጠውን ንግሥት አውቀህ ታስበላለህ፣ ከዚያ በትንሹ ጠጠር ትገድላለህ። አይጣሌ ይህን ሊሰማ አይፈልግም። ደህና ንግሥት፣ አንድ ጭረት እንኳ የሌለባት፣ እንዴት ትጣላለች? የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ሲባል አልሰማችሁም? ይላል። እጁ ንግሥቲቱን ይነካትና ወደ ጓዳዋ ይመልሳታል። ፈርቶ አይደለም። ልቡ በዚያ በር አልፎ አያውቅም፤ በቃ።

ምስጢሩን ያወቁት አንዲት ሴት ብቻ ናቸው፤ አማቱ። ዳሌያቸውን ታመው እሱ ቤት ከገቡ ወዲህ ሴትየዋ ቀኑን ሙሉ የልጃቸውን ኩሽና ሲያስተካክሉ ይውላሉ፤ ድስቱን ከላይ ወደ ታች፣ ሳህኑን ከታች ወደ ላይ። በሦስተኛው ሳምንት የአይጣሌ ሚስት ባሏን በር ላይ ይዛ፣ ወይ እናቴን ቅዳሜ ቅዳሜ ይዘሃት ትወጣለህ፣ ወይ እኔ እወጣለሁ አለችው። ይዟቸው ወጣ። አማቱ የቼዝ ጠጠር በእጃቸው ነክተው አያውቁም ነበር። በአራተኛው ቅዳሜ ወተቱን ጨርሰው ወደ ዳቦ ሄዱ፤ በዘጠነኛው አጥንት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ከዘራቸውን ወንበሩ ላይ ሰቀሉ። አርባ ዓመት ገበያ ላይ ዶሮ ሲሸጡ የኖሩ ናቸው። ካርድ ሲሰጣቸው መጀመሪያ የሚያዩት ማን እንደሚታረድ ነው፤ ንግሥት ትሁን ወታደር ለእሳቸው ሁሉም ላባ አለው።

ገና በመጀመሪያው ቅዳሜ፣ ወደ ቤት ሲመለሱ፣ መንገድ ላይ ቆም ብለው አይጣሌን ከእግር እስከ ራሱ ቃኙት።

"አንተ፣ ለካ የእውነትህን ነው የማታውቀው" አሉት።

አይጣሌ በልጅዎ ይሁንብዎ ብሎ ለመናቸው። ምን አገባኝ አሉና ከዘራቸውን አስቀድመው ሄዱ። ለማንም አልተነፈሱም።

እንዲህ ሆኖ ሊኖር ይችል ነበር፤ ማኅበሩ አዲስ ጸሐፊ ባይመርጥ። ሰውየው ሥራው የሱቅ ሚዛን መመርመር ነው። ትክክል ከሆነ ማኅተም፣ ካልሆነ ቀይ ወረቀት፤ በመሃል ሌላ ነገር የለም። ክፉ ሰው አይደለም፤ ሳይለካ ማመን የማይሆንለት ሰው ነው እንጂ። በገባ በሁለተኛው ሳምንት ግድግዳው ላይ ደንብ ለጠፈ። ማንኛውም አስተማሪ ከሚያስተምርበት ደረጃ አንድ ከፍ ያለ ካርድ በአባላት ፊት፣ በአሥራ አምስት ደቂቃ ውስጥ ይፍታ። ካልፈታ ጠረጴዛው ከአባላቱ አንዱ ለሆነው ፋርማሲስት ይሰጣል። ፋርማሲስቱ የዳቦ ደረጃ ነው፤ ፈጣን ነው፤ ካርዱን እንዳየ መልሱን ይነግርሃል፣ ልክ እንደ ክኒን፤ ውጠህ ትሄዳለህ። ፈተናው በአራት ሳምንት ተቀጠረ።

አባላቱ ደስ አላቸው። በመጨረሻ የጋሼ አይጣሌን ችሎታ ልናይ ነው ብለው ቀን ይቆጥሩ ጀመር። አይጣሌ ደንቡን ካነበበ በኋላ እንዴት ደረጃውን እንደወረደ አያስታውስም። ውርደቱ ብቻ አልነበረም ያስጨነቀው። ሳምንቱን ሙሉ በዚያ ጠባብ ሱቅ ከዚፕ ጋር ነው የሚውለው፤ የሚመጣው ሰው ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ መቼ ይደርሳል? ቅዳሜ ብቻ፣ በወተት ጠረጴዛ ዙሪያ፣ ሰዎች ወንበራቸውን ወደ እሱ ያስጠጋሉ። ያ ከተወሰደበት ምን እንደሚቀረው አሰበ፤ ምንም አልታየውም።

በማግሥቱ አማቱ ፊት ቆሞ፣ እማማ ያስተምሩኝ አላቸው።

አማቱ ሥልጠናውን በሰሌዳ አልጀመሩም። እጅ ካልለመደ ልብ አይለምድም ብለው፣ ከእራት በፊት በየቀኑ አንድ ዕቃ እንዲጥል አዘዙት። የመጀመሪያው ቀን የዛገ ዘለበት ነበር። አይጣሌ ጣለው፤ ጠዋት ከቅርጫቱ አውጥቶ በኪሱ ከተተው። አማቱ ኪሱን ዳበሱና ዘለበቱን ራሳቸው አንከስ አንከስ እያሉ ሄደው ለቆሻሻ መኪናው አስረከቡ። በሁለተኛው ሳምንት ሰሌዳው ወጣ። ንግሥቲቱን ስጣት ይሉታል። ለምን ብዬ ይላል። ዝም ብለህ ስጣት ይሉታል። አይጣሌ ላብ እያጠመቀው ንግሥቲቱን በሁለት ጣት ወደ ጠላት ይገፋታል። በሦስተኛው ሳምንት ተመስገን ለመደ፤ በአሥራ አንድ ካርድ ላይ አሥራ አንድ ንግሥት ሰጠ። አንዱም ንጉሥ ግን አልሞተም።

"ማረዱንስ አረድክ" አሉት አማቱ፣ "ግን አንዷንም ቀቅለህ አልበላህም።"

በአራተኛው ሳምንት መጣሉ ከሰሌዳው አልፎ ወደ ቤቱ ገባ። የሚስቱን ጥሩ ጃንጥላ ጣለ፤ የማድጋውን ክዳን ጣለ፤ የቀኝ እግር ጫማዋን ከግራው ለይቶ ጣለ። ሚስቱ እናቷንና ባሏን ኩሽና ውስጥ አስቀምጣ፣ ይሄ ሰው የሚጣለውን ከማይጣለው እስኪለይ ድረስ እጁ ቢታሰር ይሻላል ብላ ተናገረች። ሥልጠናው እዚያ ላይ አበቃ። አይጣሌ ለፈተናው የሄደው ከመጀመሪያው የባሰ ግራ ገብቶት ነው።

ቅዳሜ ዕለት ክፍሉ ጢም ብሎ ሞላ። ሚዛን መርማሪው የእጅ ሰዓቱን ፈትቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ፤ ከዳቦው ካርቶን ዓይኑን ጨፍኖ አንድ ካርድ መዘዘ፤ ጠጠሮቹን በሰሌዳው ላይ እንደ ሥዕሉ ደረደረ። የካርዱ መልስ በታሸገ ፖስታ ውስጥ ነው። እሱም ቢሆን አላየውም፤ ፈታኙ መልሱን ካወቀ ፊቱ ላይ ይነበባል፣ ፍትሕ ይጓደላል ብሎ ነው። ሲስተር ከፊት ወንበር ይዘዋል፤ ሾፌሩ ቆሟል፤ ፋርማሲስቱ እጁን አጣምሮ ግድግዳውን ተደግፏል። አማቱ ከኋላ ናቸው።

የጥቁሩ ንጉሥ ጥግ ገብቷል። ከፊቱ ሁለት የራሱ ወታደሮች ቆመዋል። ከጎኑ አንዲት ባዶ ቤት አለች፤ ከባዶዋ ቤት ወዲያ የራሱ ግንብ። የነጩ ፈረስ አጠገባቸው አድፍጧል፤ የነጯ ንግሥት ከሩቅ ታያለች። በሁለት እርምጃ ማት።

አይጣሌ አገጩን አከከ። አምስት ደቂቃ አለፈ። እጁ ወደ ንግሥቲቱ ሄደና ተመለሰ፤ እንደገና ሄደና ተመለሰ። ጆሮው ውስጥ ስጣት የሚለው የአማቱ ድምፅ ይጮኻል፤ ግን የት ይስጣት? ለማን? በመጨረሻ አፉ የለመደውን አወጣ።

"እኔ አላወቅሁትም" አለ።

ክፍሉ በሙሉ በእፎይታ ፈገግ አለ። ሲስተር ወደ ጎረቤታቸው ጠጋ ብለው፣ ጀመረ፣ አሁን ተመልከቱት አሉ።

"ንጉሡ ወዴት መሄድ ይችላል?" አለ አይጣሌ፣ ለራሱ ይሁን ለማን ሳይለይ።

ሚዛን መርማሪው ጠያቂው እኔ ነኝ፣ እርስዎ አይደሉም አለ። ቢሆንም ጥያቄ ዝንብ ነው፤ በእጅ ቢያባርሩት ተመልሶ ይመጣል። መርማሪው ራሱ ጎንበስ ብሎ ሰሌዳውን አየ። ወደ ባዶዋ ቤት እንዳይሄድ ፈረሱ ይጠብቃታል። የትም አይሄድም አለ።

"ታዲያ ማን ነው ያፈነው?"

የራሱ ሰዎች ናቸዋ፣ አለ መርማሪው፤ ወንበር ስቦም ተቀመጠ። አይጣሌ ያቺ አንዲት ባዶ ቤት አልዋጥልህ ብላዋለች። እሷም በራሱ ሰው ብትሞላስ ሲል ጠየቀ። መርማሪው ግንባሩን ቋጠረ። የሚሞላት ግንቡ ብቻ ነው፤ ግን ግንቡ ምን ሊሠራ እዚያ ይገባል?

"የሚበላ ነገር ካላገኘማ አይገባም" አለ አይጣሌ፣ ከልቡ እየተጨነቀ።

መርማሪው ይህን ሲሰማ ፊቱ በራ፤ እርስዎ ማለቱንም ረሳ።

"ንግሥቲቱን ጣላት" አለ። "እዚያ ቤት ላይ ጣላት።"

"አይጣል" አለ አይጣሌ፣ እጁን በንግሥቲቱ ላይ ዘርግቶ።

መርማሪው ግን መታገሥ አልቻለም። ንግሥቲቱን ከአይጣሌ መዳፍ ሥር መንጭቆ ከንጉሡ ጎን ተከላት። ንጉሡ ራሱ እንዳይበላት ፈረሱ ይጠብቃታል፤ ግንቡ ግዴታውን በላት፤ ባዶዋ ቤት ሞላች፤ ፈረሱ ዘለለ፤ ንጉሡ በገዛ ሰዎቹ መሃል ታፍኖ አለቀ። ፖስታው ተቀደደ። ልክ ነው።

ጭብጨባው መስኮቱን ያርገበግበዋል። መርማሪው ቆሞ ላቡን ይጠርጋል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንደሚባለው፣ ሰውን ሁሉ ሲመዝን ኖሮ ራሱን መዝኖ አያውቅም ነበር፤ እስከ ዛሬ አንድም የዳቦ ካርድ መልሱን ሳላይ ፈትቼ አላውቅም ብሎ ሁሉም እየሰማው ተናገረ። ቀጥሎም መዝገቡን ዘረጋ። አይጣሌ ራሱ ቢፈታው የዳቦ ደረጃ ይሆን ነበር፤ ፈታኙን ያስፈታ ሰው ግን ከዳቦ በላይ ነው ብሎ በስሙ አንጻር "አጥንት" ብሎ ጻፈ። አጥንት የሆነ ሰው አጥንት ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፤ ደንብ ነው። የወተት ጠረጴዛ ለፋርማሲስቱ ተሰጠ።

አይጣሌ መጀመሪያ አልገባውም። ሾፌሩ አቅፎ እንኳን ደስ ያለህ ሲለው ነው ነገሩ የገባው። ብወድቅ ይወስዱብኛል ብሎ የፈራውን በሹመት ወሰዱበት። ተነሣ።

"ስሙኝማ" አለ። "እኔ አላወቅሁትም። የዛሬውን ብቻ አይደለም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አላወቅሁትም።"

ሳቁ ከታች የቀለም መሸጫው ድረስ ተሰማ። ሲስተር፣ አይ ትሕትና እያሉ ዓይናቸውን ጠረጉ። አይጣሌ ማለ፣ ተገዘተ፤ በማለ ቁጥር ሳቁ ባሰ። ውሸቱን አላምን ያሉት ሰው ብዙ አይቻለሁ፤ እውነቱን አላምን ያሉት ሰው እንዲህ ሲያለቅስ ግን አላየሁም። የቀረው አንድ ምስክር ነው። ወደ ኋላ ዞሮ፣ ሃያ ሁለት ዓመት አንዲት የምስጋና ቃል ተናግረውት የማያውቁትን አማቱን ለመነ።

"እማማ፣ ይንገሩልኝ።"

አማቱ ከዘራቸውን ይዘው ተነሡ።

"እውነቱን ነው" አሉ። "ምንም አያውቅም። አንድ ወር ኩሽና ውስጥ አስቀምጬ አስጠንቼዋለሁ፤ ድንጋይ ላይ ውሃ ማፍሰስ ነው።"

ሳቁ ቆመ። እኚህ ሴትዮ በቀልድ አይታሙም።

"መጀመሪያ ቀን ሳውቅበት ንቄው ነበር" ብለው ቀጠሉ። "በኋላ አሰብኩበት። አርባ ዓመት ገበያ ስቆም ሰው ሁሉ ሲነግረኝና ሲያርመኝ ነው የኖረው። 'እርስዎ ምን ይታይዎታል?' ብሎ ጠይቆኝ፣ መልሴን ቁጭ ብሎ የጠበቀኝ ይሄ ልጅ ብቻ ነው። የጠበቀኝም ስለማያውቅ ነው። የሚያውቅ ሰው አይጠብቅም።" ወደ ፋርማሲስቱ ዞር አሉ፤ ፋርማሲስቱ ያጣመረውን እጅ ፈታ። "የሚያውቅ ከፈለጋችሁ እኔ አለሁ። እኔ ካስተማርኳችሁ ግን አንዳችሁም በሁለተኛው ቅዳሜ አትመለሱም።"

ሲስተር አይጣሌን እንደ አዲስ አዩት፤ አሥራ አንድ ዓመት ያመኑት ነገር ተገላብጦባቸው ትንሽ ቆዩና ወንበራቸውን አንሥተው ወደ ወተት ጠረጴዛ ወሰዱ። ሾፌሩም ተከተለ። ሚዛን መርማሪው ብዕሩን መዝገቡ ላይ እንዳንጠለጠለ ቀረ። ማኅተም ነው ቀይ ወረቀት? በሥራ ዘመኑ እንዲህ ያለ ሚዛን አልገጠመውም።

"ታዲያ እማማ፣ ምን ብዬ ልጻፍ?" አለ።

"'አያውቅም፤ ያስተምር' ብለህ ጻፍ።"

መርማሪው አጥንት የሚለውን ሰርዞ እንደተባለው ጻፈ፤ ማኅተምም መታበት። አይጣሌ መዝገቡን ተቀብሎ ሁለት ጊዜ አነበበውና ወንበሩን ስቦ ቦታው ላይ ተቀመጠ።